ሰምተውታል፤ የማን እንደሆነ ነው የጠፋቸው

«ሴቶች እኮ ስብሰባ ላይ አይናገሩም» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ደሜ ይፈላል። ይናገራሉ። እኔ እዚህ ደብረ ብርሃን የሰፈራችን ዕድር ጸሐፊ ነኝ። ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ስለሆንኩ ማን ምን እንዳለ ከማንም በላይ አውቃለሁ። ሌላው ሰው የሚመጣው ሊናገር ነው፣ ወይም ቅጣት ላለመክፈል ነው፣ ወይም ስብሰባው ሲያልቅ ከጓደኞቹ ጋር አንድ ሁለት ሊል ነው። እኔ ግን አንገቴን ደፍቼ እየሰማሁ እጽፋለሁ። እንደዚያ ሲጻፍ አንድ ነገር ይታያል፦ ሐሳቡን መጀመሪያ ያመጣው ሰውና በመጨረሻ «ደግ ብለሃል» የተባለው ሰው ብዙ ጊዜ ይለያያሉ። የመጀመሪያዋ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሴት ናት።

አቀማመጡን ላስረዳችሁ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ውርጩ ሣሩን ነጭ አድርጎት ነው የሚነጋው። ስለዚህ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ስንሰበሰብ ቀድሞ የሚያዘው ፀሐይ የሚያርፍበት ወንበር ነው። ቀድመው የሚደርሱት ወንዶቹ ናቸው። ሴቶቹ ቤት ገብተው፣ ወጥ ጥደው፣ ልጅ አብልተው ሲመጡ የሚቀራቸው በር አጠገብ ጥላው ውስጥ ያለው አግዳሚ ነው። ማንም ክፉ አስቦ ያደረገው አይደለም። ግን ሰብሳቢው ፊታቸው የዞረው ወደ ፀሐዩ ነው፤ ከበሩ በኩል የተነሣው ድምፅ እሳቸው ጋ እስኪደርስ ሌላ ሰው ጀምሯል።

ባለፈው ዓመት አጀንዳችን ድንኳን ነበር። በአንድ ሳምንት ሁለት ሐዘን ገጠመንና አንደኛው ቤት ድንኳን ሳይተከልለት ቀረ። ለዕድር ከዚህ የባሰ ውርደት የለም፤ ሰው ወር በወር የሚከፍለው ለዚያች ቀን አይደል እንዴ። እናም ሁለተኛ ድንኳን ይገዛ ተባለ። የዕድር ስብሰባ የምታውቁ ከዚያ በኋላ ያለውን ትገምታላችሁ። አንዱ መርካቶ ዘመድ አለኝ ይላል፣ አንዱ ጨረታ ይውጣ ይላል፣ አንዱ መዋጮው ይጨመር ይላል፣ ሌላው መዋጮ ከተጨመረ ወጥቻለሁ ብሎ ይነሣል። በዚህ መሃል ከበሩ በኩል አንዲት እናት፣ ሰፈሩ በሙሉ እማማ ነው የሚላቸው፣ እጃቸውን ከነጠላቸው ሥር አውጥተው «ሸራው እኮ ሁለት ነው» አሉ። «ግምጃ ቤት ተጠቅልሎ ተቀምጧል። የሌለው ብረቱ ነው፤ ያኔ መኪና ላይ ሲወረውሩት ተጣሞ ነው የቀረ። ብረቱን አስበይዱትና ሁለት ድንኳን አላችሁ።»

ሰብሳቢው «እሺ፣ ጥሩ። ሌላ?» አሉ።

ክርክሩ ቀጠለ። ሌላ ሦስት አራት ሰው ተናገረ። ከዚያ ገንዘብ ያዣችን ተነሡና ጉሮሮአቸውን ጠራርገው «ክቡር ሰብሳቢ፣ እኔ ሳወጣ ሳወርደው፣ ሙሉ ድንኳን ከምንገዛ የድሮውን ብረት በያጅ ጋ ወስደን ብናሠራው ይሻላል ባይ ነኝ» አሉ። ቤቱ በአንድ አፍ «ደግ ብለሃል!» አለ። ተደገፈ፣ እጅ ወጣ፣ አለቀ።

እስከዚህ ያለው የትም የሚያጋጥም ነው። ያልደረሰባት ሴት ካለች እሰየው። እኔን ያስገረመኝ የሚቀጥለው ወር ነው። ያለፈው ቃለ ጉባኤ ይነበብ ተባለና አነበብኩ፦ ወይዘሮ እገሌ ሸራው ሁለት መሆኑንና የጎደለው ብረቱ ብቻ መሆኑን ገልጸው እንዲበየድ ሐሳብ አቀረቡ፤ ገንዘብ ያዡ ሐሳቡን ደገፉ፤ ቤቱ በድምፅ አጸደቀ። ገንዘብ ያዡ እጃቸውን አወጡ። «እርማት አለኝ እህቴ። ሐሳቡን ያቀረብኩት እኔ ነኝ። የስም መሳሳት ይመስለኛል።»

ሰውየው ውሸታም አይደሉም። የዕድሩን ገንዘብ ሳንቲም ሳያጎድሉ ዓመታት የያዙ፣ ሐዘን ቤት ቀድመው ደርሰው ካስማ የሚመቱ ሰው ናቸው። ከልባቸው ነው። የእማማን ንግግር በጆሮአቸው ሰምተውታል፣ ውስጣቸው ገብቶ ትንሽ ቆይቶ የራሳቸው ሐሳብ ሆኖ ወጥቷል። ቤቱም ልክ እንደሳቸው ነው ያስታወሰው። አንድ ሁለት ሴቶች ብቻ «ኧረ እማማ ናቸው ያሉት» አሉ። እማማ ራሳቸው ግን ወደኔ ዞረው «ተይው ልጄ። ብረቱ ተበይዶ የለ? የኔ ተባለ የሱ ተባለ ምን ይሠራልሻል» አሉኝ።

አልሰረዝኩትም። እርማቱን ከሥር እጽፈዋለሁ፣ የተጻፈው ግን አይፋቅም አልኩ። ትንሽ ጉርምርምታ ተነሥቶ ወደ ቀጣዩ አጀንዳ ታለፈ። እኔ ግን ዛሬም አልወጣልኝም። አውቆ የሚሰርቅን ሰው ትቆጪዋለሽ፣ ታሳፍሪዋለሽ። መስረቁን ራሱ የማያውቀውን ሰው ምን ትይዋለሽ?

«ድንኳኑ እስከተተከለ የማንም ሐሳብ ቢሆን ምን አለበት?» የሚል ይኖራል፤ ባለቤቴም ያለኝ ይሄንኑ ነው። ምን እንዳለበት ልንገራችሁ። ከጥቂት ወራት በኋላ የንብረት ተቆጣጣሪ ምርጫ መጣ። ሰው ማንን ይጠቁማል? ሐሳብ ያለውን። ሐሳብ ያለው ማን ነው? ጉባኤ ላይ ደግ ሲናገር የተሰማው። እማማን ያሰበ አንድም ሰው አልነበረም፤ ከፀሐዩ ወገን አንዱ ተመረጠ። ከዚያ ስንት ሰሃን፣ ስንት ብርጭቆ፣ ስንት ጎላ ድስት እንዳለን ቆጥረህ አቅርብ ሲባል የት ሄደ መሰላችሁ? እማማ ቤት። ቡና አፍልተው አንድ በአንድ ነገሩት፤ የትኛው ድስት እጀታው እንደወለቀ፣ የትኛው ቤት የተዋሰውን ጆግ እንዳልመለሰ ሳይቀር። ሰውዬው ደብተሩ ላይ ጻፈ፣ ጉባኤ ላይ አነበበ፣ ተጨበጨበለት። እንዲህ እንዲህ እያለ እሱ አዋቂ ይባላል፣ እሳቸው ባልቴት ይባላሉ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ጥያቄው በቀጥታ ወደ አዋቂው ይሄዳል። ነገሩ የጭብጨባ ጥማት የሚመስለው ሰው ካለ፣ ስም ሥልጣን እንደሚወልድ አልገባውም ማለት ነው።

ሴቶቹ አፋር ስለሆኑ ነው የሚለውንማ እርሱት። እማማ የማርያም ማኅበር ሙሴ፣ ማለትም መሪ፣ ናቸው። በ21 ማኅበሩ ውስጥ ያየ ሰው ዕድር ላይ ባልቴት የሚባሉት እሳቸው መሆናቸውን አያምንም። በቅርቡ ሁለት ማኅበርተኞች ተኳርፈው ነበር፤ አንዷ የዕቁብ ዕጣዋን ለሌላዋ አበድራ፣ ብድሩ ዘግይቶ፣ ሰላምታ እስከ መነፋፈግ ደረሱ። እማማ ማንንም አልጠየቁ፣ ማንንም አልወቀሱ። ዳቦው ከተባረከ በኋላ ተበዳሪዋን ጠላ ቅጂ አሏት። ከሩቁ ጫፍ ጀምራ ዞራ ዞራ አበዳሪዋ ጋ ስትደርስ ጆጉ ውስጥ የቀረው የአንድ ሰው ግማሽ ነበር፤ ለቀጂዋ ለራሷም ገና አልደረሳትም። «ለሁለታችሁ ተካፈሉት» አሉ እማማ። ቤቱ ሳቀ። እነሱም ሳይወዱ ሳቁ፣ ያንኑ ብርጭቆ እየተቀባበሉ ገንዘቡ መቼ እንደሚከፈል እዚያው ተነጋገሩ። ስንወጣ አስበውት እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «ጆጉ ስንት ሰው እንደሚያጠጣ የማላውቅ መሰለሽ?» አሉኝ።

ይሄን የመሰለ ጭንቅላት ነው በር አጠገብ የምናስቀምጠው።

«ሴት ደግሞ ወሬ ታበዛለች» የሚሉትም እነዚሁ አይናገሩም የሚሉት ሰዎች መሆናቸው ያስቀኛል። አንዱን ምረጡ እንጂ። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ አንድ ጥናት 396 የአሜሪካና የሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ መቅረጫ አድርጎ በቀን ስንት ቃል እንደሚናገሩ ቆጥሮ ነበር። ሴቱም ወንዱም 16,000 ገደማ ነው፤ በመሃላቸው ያለው ልዩነት ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ለማንኛውም።

የእናቴ ወገኖች መንዞች ናቸው፣ ሞላሌ በኩል። መንዝ ላይ በግ ማለት ሁሉም ነገር ነው፤ ሥጋው ይሸጣል፣ ጸጉሩ ይፈተላል፣ ባና የሚባለው ብርድ ልብስና በርኖስ ይሆናል። ፈታይዋ ሴት ናት፣ ሸማኔው ወንድ። ባናው ታዲያ ገበያ ላይ የሚታወቀው በሸማኔው ስም ነው፣ ይሄን እንኳን እንለፈው። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ገበሬው ራሱ ተሰባስቦ የተሻሉትን አውራ በጎች ለዘር የሚያስቀርበት አሠራር እዚያ አገር ተጀምሯል። ዓመት ገደማ የሆናቸው አውራዎች አንድ ቦታ ይሰበሰባሉ፣ ክብደታቸውና የዘር መዝገባቸው ይታያል፣ አርቢዎቹም ተሟግተው ይመርጣሉ። አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ምርጫ ቆሜ አይቻለሁ። ወንዶቹ በጉን ከበው ላቱን ይጨብጣሉ፣ ቀንዱን ያያሉ፣ ቀለሙን ያደንቃሉ። አንድ ዳለቻ አውራ ሁሉም ወደደው። አክስቴ ከዳር ቆማ፣ እንዝርቷን ሳታቆም፣ «እሱን አትያዙ» አለች። «እናቱ ግልገል አታጠባም። ይሄንን ራሱ ከሌላ በግ እየሰረቅሁ አጥብቼ ነው ያሳደግሁት። እህቱም እንደሷ ናት።»

አጎቴ ወደ መዝጋቢው ልጅ ዞሮ «የእናቱ ዘር ወተት የለውም፣ ይቅር» አለ። ልጁ ጻፈ። የማንን ስም ጻፈ? የአርቢውን። አጎቴ ደግሞ ፍትሐዊ ሰው ነው፣ «እሷ ናት እኮ የምታውቀው፣ እኔ ምኑን አውቄው» አለ። ልጁ ሣቀና ቅጹ ላይ ለእሱ የሚሆን ቦታ እንደሌለ ነገረው። በግ ሲወልድ ሌሊት የምትነሣው እሷ፣ የታመመውን የምታውቀው እሷ፣ መንታ የምትወልደውን፣ የምትጨነግፈውን፣ ክረምት ላይ የምትከሳውን ከነእናቷ ከነአያቷ በቃሏ የያዘችው እሷ። ሰባት ትውልድ የሚቆጥር አገር የበጎቹን ትውልድ ማን እንደሚቆጥር አልጠየቀም።

የገጠሩ ነገር ግን ከከተማው በአንድ ይሻላል ባይ ነኝ። አጎቴ ሽምግልና ተቀምጦ ከባድ ጥያቄ ከመጣበት «ልደርበት» ይላል። ሁሉም እሺ ይሉታል። ልደርበት ማለት ምን እንደሆነ ያገሩ ሰው ያውቀዋል፤ ሌሊት ምድጃ ዳር ከማን ጋር እንደሚመክርም ያውቃል። በማግስቱ ይመጣል፣ የበሰለ ነገር ይናገራል፣ ተከራካሪዎቹ ይታረቃሉ፣ አጎቴ ይመረቃል። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው ተረት ሴት አታውቅም አላለም እኮ። ማወቋን ተቀብሎ ነው ጭራሹን ለሌላ ያስረከበው። ከተማ ላይ «ልደርበት» እንኳን የለም፤ አጀንዳው በዚያው ቀን ማለቅ አለበት፣ እናም የምድጃ ዳሩ ምክር ጭራሽ አይደርስም።

አክስቴና አጎቴ የመሬት ይዞታ ደብተር አላቸው። ክልሉ ደብተሩን ሲሰጥ የባልና የሚስት ፎቶ ጎን ለጎን ይለጠፋል፤ እሷም አለች፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ኮስተር ብላ። መሬቱ ላይ ፎቶዋ አለ፤ ጉባኤው ላይ ስሟ የለም።

የሸዋ ሰው ብልህ ሴት አላየም እንዳይባል ደግሞ ታሪኩ ሞልቶ ተርፏል። ሰላ ድንጋይ ላይ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እናት ወይዘሮ ዘነበወርቅ ሰፊ ግዛት ይዘው ያስተዳድሩ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1842 ወደ ጎንደር ሲያልፍ የነበረው ሚስዮናዊው ክራፕፍ እዚያው ሄዶ እጅ ነሥቷቸዋል። እቴጌ ጣይቱ ከምኒልክ ጋር የተጋቡት አንኮበር መድኃኔ ዓለም ነው፣ በ1875 ዓ.ም. ፋሲካ። የውጫሌው ውል 17ኛ አንቀጽ ሲያከራክር ከጣሊያኖቹ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጠው የተሟገቱት እሳቸው ናቸው። መቀሌ ላይ በጥር 1888 ምሽጉን መውጋት ሰው ሲፈጅ፣ ውሃውን ያዙባቸው ያሉትም እሳቸው ናቸው፤ ምንጩ ተያዘ፣ ምሽጉ ተለቀቀ። ይሄን የካቲት 23 በመጣ ቁጥር በኩራት የሚያወራው ሽማግሌ ነው ዞር ብሎ «እሺ፣ ጥሩ፣ ሌላ?» የሚለው። ልዩነቱ ምን መሰላችሁ? ዘነበወርቅ ግዛት ነበራቸው። ጣይቱ የራሳቸው ጦር ነበራቸው። እማማ ያላቸው የግምጃ ቤት ቁልፍ ብቻ ነው፣ እሱም ትርፉ ነው፤ ዋናው ተቆጣጣሪው ጋ ነው።

አሁን ወደ መፍትሔው። ሴቶችን «ድፍረት ይኑራችሁ» እያሉ ማሠልጠን ሰልችቶኛል። ድፍረቱ አለ። የሚስተካከለው ስብሰባው ነው።

ካርፖዊትዝና ሜንደልበርግ የሚባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ከባልደረባቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳተሙት አንድ ጥናት አለ፣ ለዕድር ሰብሳቢዎች ሁሉ ቢነበብ ደስ ይለኛል። ሰዎችን አምስት አምስት እያደረጉ ገንዘብ እንዴት ይከፋፈል በሚል አወያዩ። የሴቶቹን ቁጥር እየቀያየሩ፣ ውሳኔውንም አንዴ በድምፅ ብልጫ አንዴ በሙሉ ስምምነት እያደረጉ። ሴቶቹ ጥቂት ሆነው ውሳኔው በድምፅ ብልጫ ሲሆን ከድርሻቸው በጣም ያነሰ ነበር የሚናገሩት። ሁሉም ካልተስማማ አይወሰንም ሲባል ግን ያ ልዩነት ጠፋ። ልብ በሉ፣ ሴቶቹ አልተቀየሩም፣ ወንዶቹም አልተቀየሩም። ደንቡ ነው የተቀየረው። ይሄን ሳነብ መጀመሪያ ያሰብኩት ማርያም ማኅበርን ነው። እዚያ ድምፅ የሚባል ነገር የለም፤ አንዷ ካኮረፈች ነገሩ አላለቀም። ዕድር ላይ ግን እጅ ይቆጠራል፣ ብልጫው ከታየ ከበሩ ያሉትን መስማት ለምን ያስፈልጋል?

ሌላም አለ። አኒታ ዉሊና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት 699 ሰዎችን ከሁለት እስከ አምስት እያደረጉ ልዩ ልዩ ሥራ ሰጧቸው። የትኛው ቡድን ይበልጣል? ጎበዝ ሰው ያለበት ቡድን የግድ አልበለጠም። የበለጡት አባሎቻቸው የሰውን ስሜት ከፊቱ የሚያነቡ፣ ንግግሩን አንድ ሰው ያልያዘባቸውና ሴቶች በርከት ያሉባቸው ቡድኖች ናቸው። የሴቶቹ መብዛት ውጤት በአብዛኛው የመጣውም ከዚያችው ስሜት ከማንበብ ችሎታ ነው ይላሉ። እማማና ጆጉን አስታውሱ።

እኛስ ምን ሞከርን? እኔና አንዲት ጎረቤቴ የጀመርነው ቀላሉን ነው። እሳቸው አንድ ነገር ብለው «እሺ፣ ጥሩ፣ ሌላ?» ከተባለ፣ ከእኛ አንዳችን እጅ አውጥተን «እማማ እንዳሉት፣ ሸራው ካለ…» ብለን እዚያው ላይ እንቀጥላለን። ስሙን መጀመሪያ፣ ሐሳቡን ቀጥሎ። ፈጠራው የእኛ አይደለም። በኦባማ ጊዜ ዋይት ሐውስ ውስጥ፣ መጀመሪያ ላይ ከከፍተኛ ረዳቶቹ ሁለት ሦስተኛው ወንዶች በነበሩበት ወቅት፣ ሴቶቹ ተስማምተው የሚያደርጉት ይሄንኑ እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2016 ጋዜጣ ላይ ወጥቷል። አንዷ ቁም ነገር ስትናገር ሌላዋ ስሟን ጠርታ ትደግመዋለች። እኛ ሰፈር ይሠራል። ስም ከተጠራ በኋላ ሐሳቡን የኔ ነው ማለት ይከብዳል፤ ገንዘብ ያዣችን ራሳቸው ባለፈው «እማማ ቅድም እንዳነሡት» ሲሉ ሰምቻቸዋለሁ፣ ሲያልፍም አመስግኛቸዋለሁ።

ያልሠራ ነገርም አለ። በዙር ሁሉም ይናገር ብለን ስንጀምር የመጀመሪያዋ ሴት «ያለው ይበቃል፣ እኔም ያንኑ ነው» አለች፣ ቀጣይዋም ያንኑ፣ ቀጣይዋም ያንኑ። ወንዶቹ «ይኸው፣ ዕድሉን ሰጠናቸው» ብለው ተያዩ። ቆይቶ ነው ምክንያቱ የታየኝ። ጥያቄው «ሴቶችስ ምን ትላላችሁ?» የሚል ነበር። ይሄ ጥያቄ መጥፎ ነው። አቶ እገሌን «ወንዶች ምን ትላላችሁ?» ብሎ የጠየቀ አለ? አንዲት ሴት የሴቶችን ሁሉ አፍ ወክላ እንድትናገር ስትጠየቅ አርፎ መቀመጥን ትመርጣለች፣ እኔም ብሆን። አሁን «ከሐዘን በኋላ ዕቃ ሲመለስ የሚጎድለው ምን ምን ነው?» ብለን ያንን ሥራ የምታውቀውን ሰው በስሟ እንጠይቃለን። ያኔ መልስ ይዘንባል።

አጀንዳውም ላይ ነገር አለኝ። የሴቶች ጉዳይ ሁልጊዜ «ልዩ ልዩ» ውስጥ ነው የሚገባው። ልዩ ልዩ ሲደርስ ሰው ጋቢውን እያስተካከለ ነው፣ ግማሹ ቆሟል፣ አንዱ ስልክ እያወራ ነው። አንድ የቀበሌ ስብሰባ ላይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ ከቤት ቤት ዞራ ማን ቤት ነፍሰ ጡር እንዳለ፣ የቱ ቤት መጸዳጃ እንደሌለው አንድ በአንድ የምታውቅ ልጅ፣ በልዩ ልዩ ተጠራችና አዳራሹ እየተበተነ ነው ስለ ውሃው የተናገረችው። ሁለት ሰው ሰማት። አንዱ እኔ ነኝ።

መሥሪያ ቤት ያላችሁ የራሳችሁን ታውቃላችሁ፣ ብዙ አልልም። «ጽሕፈትሽ ያምራል፣ አንቺ ያዢልን» ተብላ ቃለ ጉባኤ የምትይዝ ሴት ግን ይቺን ትስማኝ፦ እስክሪብቶው ካንቺ ጋ ነው። «ከቤቱ ሐሳብ ቀረበ» ብለሽ አትጻፊ። ቤት አይናገርም። ስም ጻፊ።

ወንዱም ይታለፋል የሚል አስተያየት እንደሚመጣ አውቃለሁ፣ ልክ ነው። ወጣቱ ይታለፋል፣ ከገጠር አዲስ የገባው ይታለፋል፣ ድሃው ይታለፋል። የእነሱንም ስም እጽፋለሁ። ሴትም ሴትን ታስቆማለች፤ «አንቺ ልጅ፣ ትላልቆቹ ይናገሩ» የሚለውን ከወንድ አፍ ብቻ አልሰማሁትም።

የዕድራችን መተዳደሪያ ደንብ ዘንድሮ ሊሻሻል ነው። እኔ ያስገባሁት ሐሳብ አንድ ነው፦ ንብረትና ሐዘንን በሚመለከት ጉዳይ ላይ እጅ ከመቆጠሩ በፊት ሥራውን የሚሠሩት ሰዎች በስም ተጠይቀው ይናገሩ፣ የተቃወመ ካለ ምክንያቱ ተሰምቶ ይታይ፣ አስፈላጊ ከሆነ ለሚቀጥለው እሑድ ይደርበት። ሐሳቡን የጻፍነው ከእማማና ከጎረቤቴ ጋር ነው፤ «ይደርበት» የምትለዋ የእማማ ናት፣ ሦስታችንም ፈርመናል። ሰብሳቢው አንብበው፣ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ጥሩ ነው ልጄ፣ ግን ይመሻል» አሉኝ።

ይምሽ።